ከሊዝበን የተመለሰ ሰው

ደሴ ውስጥ ሻንጣ ይዞ የታየ ሰው ከሦስት ነገር በአንዱ ይጠረጠራል፤ ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ስልጠና ተጠርቷል። አራተኛ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። የሆነውን እንደሆነ አቀርባለሁ።

ዕረፍት የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዓመት ፈቃድ የወጣ ሰው ግን ቤቱን ቀለም ያስቀባል፣ የሰው ሰርግ ላይ ድንኳን ይተክላል፣ ደሴ ዙሪያ ያለውን የወላጆቹን ማሳ ያጥራል፣ ወይም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ ይጠይቃል። ፈቃዱን ሲጨርስ ከበፊቱ ይበልጥ ደክሞ ቢሮ ይገባና እዚያ ያርፋል። እኔም ብዙ ዓመት ያረፍኩት እንዲሁ ነው።

የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነኝ። ሥራዬ መስማት ነው። የምርቃት ንግግር እሰማለሁ፣ ስብሰባ እሰማለሁ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ መሬት መንሸራተት፣ ስለ ጦርነት እሰማለሁ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው፣ ቤቱን ያፈረሰው ሰው፣ «ጉዳዩን እያጣራን ነው» የሚለው ሰው፣ ሁሉም በየተራው ማይክሮፎኔ ላይ ይናገራል። አላማረርኩም። ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ ግን አንድ ነገር አማረኝ፤ ለዐሥር ቀን ያህል ማንም ምንም የማይነግረኝ፣ ማንም ምንም የማይጠይቀኝ ቦታ መቀመጥ። ይሄ ደሴ ውስጥ አይገኝም። ከቤቴ ወጥቼ ታክሲ መያዣው እስክደርስ «ወዴት ነው?» የማይለኝ በግ ብቻ ነው፤ እሱም ቀና ብሎ ያየኛል።

ስለዚህ ለብዙ ጊዜ ያጠራቀምኩትን ይዤ አውሮፓ ውስጥ ወዳለ አንድ ከተማ ለብቻዬ ልሄድ ወሰንኩ። እንደ ሥራ ልማዴ አንብቤ፣ አመሳክሬ፣ ብዙ ከተሞችን ጥዬ ሁለት አስቀረሁ፤ ቪየናንና ሊዝበንን። ቪየና አብዛኛዋ ሜዳ ናት፤ ባቡሯ በሰዓቱ ይመጣል፣ መናፈሻዋ ብዙ ነው፣ ሰዉም ዝምተኛ ነው ይባላል። ሊዝበን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ፀሐይ አላት፣ ባሕር አላት። ባሕር አይቼ አላውቅም። ዳገት ግን አይቻለሁ፤ ከፒያሳ ቤቴ የምገባው በዳገት ነው። ከፍዬ የሰው አገር ዳገት ላይ ላለክልክ ወይስ ሜዳ ላይ ልንሸራሸር የሚለው ጥያቄ ሳምንታት ወሰደብኝ። ቪዛ የሚጠየቀው ደግሞ ለአንዱ አገር ነው። የኤምባሲ ቀጠሮ ከመያዜ በፊት አንዷን መቁረጥ ነበረብኝ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለአለቃዬ ነው።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ ፈቃዴን ሊፈርም እስክሪብቶ እያነሳ። «አዘጋጁ ማነው?»

«የምኑ?»

«የስልጠናው ነዋ።»

«ስልጠና አይደለም፤ ዕረፍት ነው።»

«እሱስ ገባኝ። ግን አበሉን የሚከፍለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። አጠገባችን የነበረች ባልደረባዬ ወንበሯን ወደ እኔ ጎተተችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በራስሽ ወጪ?» አለች። አዎ ስላት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚያዘው አያያዝ። «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል።» ከዚያ ቀን በኋላ ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ ያናግረኝ ጀመር። አንዱማ ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ ለኩላሊት ከሆነ ከአውሮፓ ይልቅ ሕንድ እንደሚሻል በምሥጢር ነገረኝ።

ቤት ውስጥ ግን ጉዳዩ ጠጠረ። የምኖረው ጦሳ ተራራ ሥር ከእናቴ ጋር ነው፤ ከባሌ ከተፋታን ቆይቷል፣ ልጅ የለኝም። ከእኛ ቤት የእናቴን ዱአ ሳይቀበል መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። ኮምቦልቻ ደርሼ ልምጣ ብላት እንኳ መዳፎቿን ወደ ላይ ትዘረጋለች፤ እኔም «አሚን» ብዬ ነው የጫማዬን ክር የማስረው። በጦርነቱ ጊዜ የትና የት እንደገባሁ አውቃለሁ፤ ያለ እሷ ዱአ የገባሁበት ቦታ ግን የለም። ሌላው የፈለገውን ስም ይስጠው። እኔ መኪና ያለ ነዳጅ እንደማይነሳ አድርጌ ነው የማየው።

«ማንን ልትዘይሪ ነው?» አለችኝ። እኛ ዘንድ ሰው የሚሄደው ለመዘየር ነው። ወደ ሸሆቹ መቃብር፣ ወደ ዘመድ፣ ወደ ታማሚ ይኬዳል፤ የሚዘየር ከሌለ መንገዱም የለም።

«ማንንም አልዘይርም፤ ከተማውን ላይ ነው።»

«ቪየና ማን አለን?»

«ማንም።»

«በያኛው ከተማስ?»

«በሊዝበን? እዚያም ማንም የለንም።»

«እና ይሄን ሰሞን እንቅልፍ ያጣሽው ከማንምና ከማንም ለመምረጥ ነው?»

ይህን ያህል አጥርቶ ጉዳዬን ያስቀመጠልኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ለስንት ጊዜ ነው?»

«ለዐሥር ቀን።»

«ወንድምሽም ለሁለት ዓመት ነበር ያለኝ።»

ወንድሜ ጂዳ ከሄደ ሃያ ዓመት አልፎታል። እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዶ፣ አምና ሴት ልጁን እዚያው ድሯል። ሰርጉን በስልክ አየነው። ለዒድ ለዒድ ይደውልና «በቅርብ እመጣለሁ እማ» ይላል። እሷ «ኢንሻአላህ» ትልና ስልኩ ሲዘጋ የቀረ ንዴቷን እኔ ላይ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ እናቴ ዘንድ ዐሥር ቀን፣ ሁለት ዓመት የሚባል መለኪያ አይሠራም። ሄደ ማለት ሄደ ነው።

«እኔ አልከለክልሽም፤ ትልቅ ሴት ነሽ» አለች። «ግን ዱአ አላደርግልሽም፤ ሄዶ የተመለሰ ሰው እስካላሳየሽኝ ድረስ። ከሁለቱ ካንዱ ይሁን። አንድ ሰው ይበቃኛል።»

«እማ፣ ስንትና ስንት ሰው ሄዶ ይመለሳል እኮ።»

«ፈረንጅማ የት ይሄዳል፣ ይመለሳል። የእኛ ሰው ነው ያልኩሽ።»

የኤምባሲውም ጥያቄ ከእሷ አይለይም ነበር፤ መመለስሽን በምን እናውቃለን? ኤምባሲው የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ማስረጃና የቤት ካርታ ካየ ልቡ ይረጋል። እናቴ ሦስቱንም አገላብጣ አየቻቸውና «ቤትማ ወንድምሽም ነበረው» ብላ መለሰችልኝ።

ወሬው በማን በኩል እንደወጣ አላጣራሁም። ሳምንት ሳይሞላ የቅሬያችን ሰብሳቢ ከነባለቤታቸው ሳሎናችን ተገኙ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የእኛ ቅሬ የሞተ ሰው ባይኖርም ይሰበሰባል።

«ሰምተናል» አሉ ሰብሳቢው። «ልጃችን ሰው የሌለበት አገር ልትሄድ ነው አሉ። ይሄ ለቅሬው ነውር ነው።»

«ነውሩ ምኑ ላይ ነው አባባ?»

«ብትሞቺ ማን ይቀብርሻል?»

«ኢንሹራንስ ገብቻለሁ።»

«ኢንሹራንስ ድንኳን ይተክላል?»

ብዙ ባለሥልጣን ጠይቄ አፋጥጫለሁ፤ እንዲህ ተፋጥጬ ግን አላውቅም። ባለቤታቸው አዘኑልኝ። «አብሽሪ፣ ሰው አይጠፋም። ቪየና የእህቴ ልጅ አለችልሽ። ያን ሊዝበን የሚሉትን ግን ተይው፤ ስሙንም ሰምተነው አናውቅ።»

እናቴ ከጎኔ ሆና ሙስበሃዋን ትቆጥራለች። የጠየቀችው የተመለሰ ሰው ነበር። ሰፈሩ የሰማው ግን «ሰው» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በየቤቱ ዘመድ ፍለጋ ተጀመረ። ቪየና በአንድ ሳምንት ውስጥ በደሴ ሰው ተሞላች። የአንዷ ወንድ ልጅ እዚያ ነው፣ የሌላዋ ምራት እዚያ ነች፣ የባለሱቁ አብሮ አደግ እዚያ ታክሲ ይነዳል። እኔም ልማዴ ነውና አንድ በአንድ አጣራሁ። ወንድ ልጁ ስቶክሆልም ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ለእናቱ ስነግራቸው «ያው ብርድ አይደል?» አሉኝ። ምራቲቱ ካናዳ ከገባች ከራርማለች። ታክሲ ነጂው የት እንዳለ ባለሱቁም አያውቅም፤ «አውሮፓ ነው፣ ስትደርሺ ጠይቂ» አለኝ። የተመለሰ ሰው ግን ከአንድም ቦታ አልተገኘም።

የሰብሳቢው ባለቤት እህት ልጅ ግን እውነትም ቪየና ነበረች። ስልክ ደወልኩላት።

«ወላሂ አላምንም! የደሴ ሰው ሊመጣ ነው!» ብላ ጮኸች። «ከየት ሰፈር ነሽ? ከጦሳ ሥር? ያረቢ! መቼ ነው የምትደርሺው? እኔ ፈቃድ እወስዳለሁ።»

«አያስፈልግም እህቴ፤ ሆቴል ይዣለሁ።»

«ሆቴል? ሆቴል ምን በወጣሽ! ሳሎን ላይ ፍራሽ አነጥፍልሻለሁ። ቀን ቀን እኔ አዞርሻለሁ፣ ማታ ማታ ልጆቹ ይሰበሰባሉ። ጁሙዓ የኮምቦልቻ ልጆች ጋ ነን፣ ቅዳሜ የሐይቅ ልጆች ይጠሩሻል፣ እሑድ የልጅ ማውጫ ድግስ አለን። ጋዜጠኛ ነሽ አሉ፤ የአገሩን ወሬ አንድ በአንድ ታወሪልናለሽ።»

«እኔ እንኳ ለብቻዬ ትንሽ ማረፍ ነበር ሐሳቤ…»

«ብቻሽን? እኛ እያለን? እንኳን ቀን፣ ሌሊትም ብቻሽን አትሆኚ!»

ብዙ ዛቻ ተቀብዬ አውቃለሁ፤ የዚያን ያህል ያስፈራኝ ግን አልነበረም። ስልኩን ልዘጋ ስል «በርበሬና ቅቤ ደግሞ ለሁላችንም በሚበቃ» ብላ ጨመረችልኝ። በማግስቱ ጠዋት የሰብሳቢው ባለቤት የመጀመሪያውን የበርበሬ ፌስታል አስረው በራችን ላይ ቆመው ነበር።

ይሁን፣ አልኩ። ቢያንስ እናቴ ደስ ይላታል። ቪየና ሰው መኖሩን በስልክ ማረጋገጤን ማታ ነገርኳት።

«አለ?» አለች።

«አለ።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው፤ ሊቀበሉኝ ተዘጋጅተዋል።»

ፊቷ ጠቆረ። ሙስበሃዋን ጠቅልላ ትራስ ሥር ከተተችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። መለያየቱ ከብዷት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይህን ያህል ዓመት ሰው ሳዳምጥ ኖሬ፣ የገዛ እናቴ ያለችኝን ትቼ ጎረቤት የሰማውን ይዤ ነበር የምሮጠው።

የሊዝበኑ ሰው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ኮምቦልቻ ስላለው የደረቅ ወደብ ዘገባ የሚሠራ ባልደረባዬ፣ ድሮ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ የነበሩ፣ ለማሽን ስልጠና ፖርቱጋል ተልከው ወራት የቆዩ ጡረተኛ እዚያ እንዳሉ ነገረኝ። «ሊዝበን ነው?» አልኩት። «ሊዝበን ነው።» «ተመልሰዋል?» ባልደረባዬ እንደ እብድ አየኝ። «ኮምቦልቻ ናቸው እያልኩሽ?»

ለእናቴ ስነግራት ከተኛችበት ብድግ አለች። «እኔም እሄዳለሁ።»

«እማ፣ እኔ ጠይቄያቸው እነግርሻለሁ።»

«አንቺ ጠይቀሽ ሬዲዮ ላይ ታወሪያለሽ። እኔ ራሴ አያቸዋለሁ።»

በሚኒባስ ወረድን። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሳንጨርስ ጉዳዬ በመኪናው ሙሉ ተሰምቶ ነበር፤ እናቴ አጠገቧ ለተቀመጠች ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ ስትነግራት የሰማ ለኋለኛው ወንበር አቀበለ።

«ብቻቸውን?» አለች ልጅቷ። «ከማን ተጣልተው ነው?»

«ከማንም» አለች እናቴ። «ደህና ናት። ሐኪምም አይቷታል።»

ሐኪም አላየኝም ነበር።

«ፖርቱጋል የኳስ አገር ነው» አለ ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ። «ስታዲየም አጠገብ እረፊ፣ እትዬ።»

«ሰው ሳያውቁ እዚያ ምን ይሠራሉ?» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ። «እኔ እዚህ ሐርቡ ስሄድ እንኳ ቀድሜ ደውዬ ነው።»

«ባሕር ልታይ ነው» አለች እናቴ በቅሬታ።

«ባሕርማ ውሃ ነው» አለ ጎልማሳው። «ሐይቅን አይታለች?»

ኮምቦልቻ እንደወረድን ሞቀንና የደሴን ሹራብ አውልቀን ክንዳችን ላይ አደረግን። የጡረተኛው ቤት ከቦርከና ወንዝ አይርቅም። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ «ወአለይኩሙ ሰላም፣ ግቡ፣ ግቡ» ብለው ከነባለቤታቸው ተቀበሉን። ጉዳዩን ነገርኳቸው። ስለ ሊዝበን የሚጠይቃቸው ሰው ከመጣ ብዙ ዓመት ሆኖ ነበር መሰለኝ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ከተማዋ እንዴት ናት አባባ?»

«ማሽኑ ጥሩ ነበር።»

«ከተማዋስ?»

«ከተማዋ ከማሽኑ ውጭ ናት፤ ብዙም አላየኋት።»

«ባሕሩስ?»

«አለ። እሑድ እሑድ ሄጄ አየው ነበር። ባለፈው እሑድ እንዳየሁት ሆኖ ይጠብቀኛል።»

«ምግቡስ?»

«ዓሣ። ግን ደርቆ፣ ጨው ጠጥቶ፣ እንደ ሰሌን ቆሞ ይሸጣል። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው እንደገና ዓሣ ያደርጉታል። ባሕር አጠገባቸው እያለ ለምን እንደሚያደርቁት ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።»

በዚህ ዓይነት አንድ ደቂቃ ዘገባ እንኳ አይሞላም ነበር። እናቴ ቃለ መጠይቁን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«እርስዎ ለምን ተመለሱ?» አለቻቸው።

«እንዴት ለምን?»

«ሌላው ይቀራል። የእኔም ልጅ ቀርቷል። እርስዎ ወራት እዚያ ተቀምጠው፣ ጉልበትዎ ደህና፣ ሙያ እጅዎ ላይ፣ ለምን ተመለሱ?»

ሽማግሌው ወደ ባለቤታቸው አዩ።

«ንገራቸው እንጂ» አሉ ባለቤታቸው። «እኔ ለኔ ብለህ መስሎኝ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የኖርኩ።»

«ላንቺም ነው» አሉ ቶሎ ብለው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «እንደው እውነቱን ልንገርዎ። ጠዋት እወጣለሁ፣ ወዴት ነው የሚለኝ የለም። ማታ እገባለሁ፣ ከየት ነው የሚለኝ የለም። የሚያስቀይሙ ሰዎች አይደሉም፣ አላማኋቸውም። ደረጃው ላይ ሁልጊዜ የምንተላለፍ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ራሱን ነቅነቅ ያደርግልኛል፣ እኔም እነቀንቃለሁ። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ቀናት ተኝቼ ስወጣ እዚያው ደረጃ ላይ አገኘሁት። አሁን ይጠይቀኛል ብዬ ቆምኩ። የት ጠፋህ አላለኝም። ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ትኩሳቱ አይደለም፣ ያቺ ናት ያመመችኝ። ለአለቃዬ ስልጠናው በቃኝ፣ አገሬ ስደዱኝ አልኩት።»

የእኔን ስሜት ሳልደብቅ ልጻፍ። ሽማግሌው ይህን እያዘኑ ሲናገሩ፣ እኔ ስለ አንድ ከተማ ይህን የሚያህል ማስታወቂያ ሰምቼ አላውቅም እያልኩ ነበር። ወዴት ነው የሚል የለም! ራሱን ነቅንቆ የሚያልፍ ሰውዬ ብቻ! እናቴ ግን «ይኸው፣ እንዲህ ያለ አገር ልጄን አልልክም» ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። «ስፈልጋት የነበረችው ይቺው ናት።»

«ምኗን እማ?»

«ሊዝበን ሂጂ። ቪየና የሚባለውን እንዳላይሽ።»

«ቪየና እኮ ሰው አለ።»

«ሰው ስላለ ነዋ! ወንድምሽን ምን ያስቀረው ይመስልሻል? ሥራው? ሥራውን ሲረግም ነው የሚውል። ሰው ነው ያስቀረው። የደረሰ ቀን ተቀበሉት፣ ፍራሽ አነጠፉለት፣ አገሩን አስረሱት፣ በኋላ ዳሩት። ጂዳ ግማሹ ደሴ ነው፤ ምኑ ናፍቆት ይመለስ? አንቺንም ቪየና ፍራሽ ያነጥፉልሻል፣ ከዚያ ሥራ ይፈልጉልሻል፣ ከዚያ ባል።»

«እማ፣ ሃምሳ ዓመቴ ነው።»

«ብርድ አገር ነው፣ ማን ዕድሜ ይጠይቃል።»

የሽማግሌው ባለቤት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሽማግሌው ግን ከፋቸው። «እኔ ከተማዋን አላማኋትም» አሉ ደጋግመው። «መጥፎ ናት አላልኩም።»

«መጥፎማ አይደለችም» አለች እናቴ። «ሰው የምትመልስ ከተማ ናት።» መዳፎቿንም ዘረጋች። እኛም ዘረጋን። እንዲህ ያለ ዱአ ሰምቼ አላውቅም።

«ያረቢ፣ በሰላም አድርሳት፣ በሰላም መልሳት። የሚያቅፋት አይግጠማት። የሚጋብዛት አይኑር። ስሟን የሚጠራት አይምጣ። ደጁ ሁሉ ይዘጋባት፣ ክፉም ደግም ሳይነካት ሰዉ ሁሉ ይለፋት። ሰልችቷት ትምጣልኝ።»

«አሚን» አልኩ ከልቤ። ሽማግሌው ትንሽ አመነቱ፤ ባለቤታቸው በክርናቸው ሲጎስሟቸው እሳቸውም «አሚን» አሉ።

በቅሬው በኩል ነገሩ በቀላሉ አላለፈም። ሰው ካለበት ከተማ ይልቅ ሰው ወደሌለበት መሄዴ ምን ማለት እንደሆነ በስብሰባ ተነሳ። ሰብሳቢው «እኛ አገናኝተናል፣ ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ የራሷ ነው» ብለው ዘጉት፤ በሥራዬ ብዙ ጊዜ የሰማሁት አባባል ነበር። በርበሬው ተመለሰ። የቪየናዋ ልጅ ደውላ አለቀሰችብኝ፤ የልጅ ማውጫውን ለእኔ ብለው አንድ ሳምንት ገፍተውት ነበር። ይህን ስሰማ ትንሽ ተሰማኝ። ግን አልታጠፍኩም። ኤምባሲውም ወረቀቶቼን አይቶ እንደምመለስ አመነ፤ በምን እንዳመነ እስካሁን አላውቅም።

ሊዝበን የሄድኩት ለመዘገብ ስላልነበረ ስለ ከተማዋ የምለው ጥቂት ነው። ዳገቷ የደሴን ያህል ነው፤ ግን ድንጋዩ ያንሸራትታል። ያረፍኩት አሮጌ ፎቅ ላይ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበር። ጠዋት ወጥቼ ወደ ውሃው እወርዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ወዴት ነው የሚል የለም። ከየት ነው የሚል የለም። ሽማግሌው አንዲት ቃል አላጋነኑም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጆሮዬ ዕቃ አውርዶ እንዳረፈ ተሸካሚ ነበር፤ ቀለለኝ፣ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ሰው ሲያወራ ባየሁ ቁጥር ቋንቋውን ባለማወቄ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ትንሽ ሰንብቼ ግን ግንብ ላይ የተኛችን ድመት «ወዴት ነው?» ስላት ራሴን ሰማሁት።

እናቴ በየማታው ትደውላለች። ስለ ባሕሩም ስለ ዳገቱም አትጠይቅም። ጥያቄዋ አንድ ነው።

«ሰው አገኘሽ?»

«አላገኘሁም።»

«አልሐምዱሊላህ። በልተሻል?»

በዚህ ሁኔታ ከቀኖቹ ግማሽ የሚበልጡት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ ደረጃው ላይ ከታችኛው ፎቅ የምትኖር አሮጊት የገበያ ዘንቢል ይዛ ቆማ አገኘኋት። ራሴን ነቅንቄ ላልፍ ነበር። አሮጊቷ ግን ክንዴን ያዝ አድርጋ አንድ ነገር አለችኝ፣ አገጯንም ወደ መንገዱ አነሳች። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ጥያቄውን ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ማታ እናቴ ደወለች።

«ሰው አገኘሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ለእሷ ዋሽቼ አላውቅም። «አንዲት አሮጊት ዛሬ ወዴት ነው አለችኝ» አልኳት።

ስልኩ ውስጥ የደሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል።

«ምን አልሻት?»

«በእጄ ባሕሩን አሳየኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዘንቢሏ ብርቱካን አውጥታ ሰጠችኝ።»

«በላሽው?»

«በላሁት።»

«ጣፈጠሽ?»

«ጣፈጠኝ እማ።»

«ያረቢ» አለች። ከዚያ ወንድሜን ስትመክር በማውቀው ድምፅ፣ ረጋ ብላ፣ «ስሚኝ ልጄ፣ ነገ በሌላ በር ውጪ» አለችኝ።

ቤቱ ያለው አንድ በር ነው።